ዋጋ ያጡ የሙዚቃ መሣሪያዎችና የሚያሰሙት ድምፅ

የአንድ መሣሪያ ዋጋ በገበያ መውደቅና የአገልግሎቱ ማብቃት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለዚህም የድምፅ መሣሪያዎች ታሪክ በቂ ማስረጃ ነው፤ የተቀረጸ ድምፅ የሚያሰማው መሣሪያ ካልተገኘለት ዲዳ ዕቃ ሆኖ ይቀራልና።

እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የላኩት መልእክት በፎኖግራፍ ሲሊንደር ተቀርጾ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከሰሙት በኋላ፣ አስቀድሞ በተሰጠው ትእዛዝ መሠረት ሲሊንደሩ ተሰበረ። ቃሉ በጽሑፍ ቢቀርም ድምፁ ጠፋ። ከ10 ዓመት ያህል በኋላ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ያስቀረጿቸው ሸክላዎች ግን ስለተረፉ፣ መቶ ዓመት ያህል ቆይተው በሲዲ ለመታተም በቅተዋል።

በአገራችን ሸክላ የማሳተም መብት እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አቶ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን ገደብ ደፍረው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችን አወጡ። ብዙም ሳይቆይ ለመቅዳት የቀለለውና ዋጋው የረከሰው ካሴት መጣና ሸክላ ማጫወቻው ወደ ጓዳ ገባ። ካሴቱም በተራው ለሲዲና ለስልክ ቦታውን ለቀቀ።

በአርሲ በምትገኘው በሁሩታም የሚታየው ይኸው ነው። የትናንቱ የሳሎን ጌጥ ዛሬ ለቆራሌው በቁራጭ ብረት ዋጋ ይሰጣል። የታወቁ ድምፃውያን ዘፈን ሌላ ቅጂ አያጣም። በሠርግ ቤት የተቀረጸ የአማርኛና የኦሮምኛ ዘፈን፣ የአያት ትረካ፣ ከውጭ አገር በካሴት የተላከ የድምፅ ደብዳቤ ግን ብዙውን ጊዜ ቅጂ የለውም። ማጫወቻው ሲሸጥ ካሴቱም አብሮ ይጣላል።

በሙያ ዓይን ሲመረመር፣ ከእነዚህ መሣሪያዎች ብዙዎቹ የቆሙት በቀላል ምክንያት ነው። ሞተሩን ከሚሽከረከረው ክፍል ጋር የሚያገናኘው የጎማ ቀበቶ ይላላል ወይም ይሟሟል፤ የቴፑ ሄድ ከካሴቱ በሚረግፍ ዱቄት ይሸፈናል፤ ኮንዴንሰሩ ይደርቃል። የሸክላው መርፌ ያለቀ እንደሆነ ደግሞ ሸክላውን ራሱን ስለሚቦረቡር ሳይለወጥ ማጫወት አይገባም።

እንግዲህ የማኅበራችን አባላት፣ በየምንሠራበት ከተማ፣ ሥራውን በቅደም ተከተል ልናከናውነው እንችላለን። በመጀመሪያ ከሁለት ወይም ከሦስት ብልሽተኞች አንድ ደኅና ማጫወቻ ይገጣጠም። ሄዱ በአልኮል ተጠርጎ፣ ካሴቱ አንድ ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከተጠቀለለ በኋላ፣ ቅጂ የሌለው ድምፅ ቀድሞ ወደ ኮምፒውተር ይገልበጥ፤ ቅጂውም ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ይቀመጥ። ከየዓይነቱ አንድ የሚሠራ መሣሪያ ለትምህርት ቤት ወይም ለቤተ መጻሕፍት ይሰጥ፤ ከሌሎቹ ጠቃሚ መለዋወጫ ይውጣ። ቆራሌው የሚጠራው ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው።