ያለ ክፍያ የሚያስታምሙ ሰዎች የድጋፍ ፍላጎታቸውን የሚያስመዝግቡበት መንገድ

በጭላሎ ተራራ ዙሪያ ካሉት የስንዴና የገብስ መንደሮች ጀምሮ እስከ አሰላ ከተማ ሠፈሮች ድረስ፣ የአልጋ ቁራኛ የሆነን ወላጅ፣ አካል ጉዳተኛ ልጅን ወይም የአእምሮ ሕመም ያለበትን ወንድም የሚያስታምመው በአብዛኛው ቤተሰብ ነው። አስታማሚው ደመወዝ አይከፈለውም፤ ድካሙም እንደ ሥራ አይቆጠርለትም። ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው፤ የደረሰ ሰብል ሳይታጨድ ይቆያል፣ ከብት ለመድኃኒት ይሸጣል፣ ሴት ልጅ ከትምህርት ገበታ ትቀራለች፣ በመጨረሻም አስታማሚው ራሱ ይታመማል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደው መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን እንዲረዳ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በድህነት የሚኖሩ አካል ጉዳተኞችና ቤተሰቦቻቸው ለጉዳቱ በሚያወጡት ወጪ የመንግሥትን እርዳታ እንዲያገኙ ይጠይቃል። በ2007 ዓ.ም. የጸደቀው ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲም ለችግር የተጋለጡ ወገኖችን የሚመለከቱ ድጋፎችን በአንድ ማዕቀፍ አሰባስቧል።

እነዚህ ሰነዶች በዋናነት የሚያተኩሩት በሚታመመው ሰው ላይ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የእንክብካቤ ሕግ አስታማሚው ለብቻው የድጋፍ ፍላጎቱ እንዲመዘንለት መብት ሰጥቷል። በደቡብ አፍሪካም ከባድ የአካል ጉዳት ያለበትን ልጅ በቤት ለሚንከባከብ ወላጅ ወይም አሳዳጊ የተለየ ወርኃዊ ድጎማ አለ። በኢትዮጵያ አስታማሚው ፍላጎቱን ማሳየት የሚችለው በቤተሰቡ ምዘና ውስጥ ነው። ስለዚህ ምዘናው በሚካሄድበት ጊዜ የታማሚው ሁኔታ ብቻ ሳይሆን የአስታማሚው ሸክምም በግልጽ መነገር ይኖርበታል።

ምዘናው ከየት ይጀምራል?

የመጀመሪያው በር ቀበሌ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተመደቡ ባለሙያዎች ቤት ለቤት ስለሚንቀሳቀሱ፣ የታማሚውን ሁኔታ በዓይናቸው አይተው ቤተሰቡን ወደ ጤና ጣቢያ ሊመሩ ይችላሉ። በብዙ ቀበሌዎች የተቋቋመው የማኅበረሰብ የድጋፍና እንክብካቤ ጥምረት ደግሞ ችግረኛ ቤተሰቦችን ይለያል። ቀጣዩ ደረጃ የወረዳው ወይም የከተማው የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው፤ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ባለበት ቦታ ጉዳዩን እርሱ ይከታተላል።

አመልካቹ የነዋሪነት መታወቂያ፣ የሐኪም ማስረጃና የቤተሰቡን አባላት ዝርዝር ይዞ ቢቀርብ ይመረጣል። ታማሚው አሰላ በሚገኘው የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል ወይም በሌላ ጤና ተቋም ታክሞ ከሆነ፣ ሕመሙ ምን ያህል ረዳት እንደሚያስፈልገው በማስረጃው ላይ እንዲገለጽ ሐኪሙን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከማመልከት በፊት የአንድ ሳምንት ውሎን በወረቀት ማስፈር ይጠቅማል። ታማሚውን ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ማገላበጥና መድኃኒት መስጠት ስንት ሰዓት ይፈጃል? ሌሊት ስንት ጊዜ ያስነሣል? በዚህ ምክንያት የቀረ የእርሻ፣ የገበያ ወይም የትምህርት ቀን ስንት ነው? የአስታማሚው ጤናስ እንዴት ነው? ማንበብና መጻፍ ለማይችል ሰው ልጅ ወይም ጎረቤት ሊጽፍለት ይችላል። «እንቸገራለን» ከሚል አጠቃላይ ቃል ይልቅ እንዲህ ያለው ዝርዝር ለመዛኙ የሚጨበጥ ነገር ይሰጣል።

ሴፍቲኔት ባለበት አካባቢ

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የሚሠራው በተመረጡ ወረዳዎች ነው፤ በመሆኑም የቤተሰቡ ወረዳ ፕሮግራሙ የሚሠራበት መሆኑን አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ ተጠቃሚዎችን የሚለየው በጉልበት አቅም ነው። መሥራት የሚችሉት በማኅበረሰብ ሥራ ይሳተፋሉ፤ ጉልበት የሌላቸው አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ጽኑ ሕሙማን በቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ይታቀፋሉ። ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶች፣ እንዲሁም በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን የሚንከባከቡ ሰዎች ለጊዜው ከሥራው ነፃ ሆነው ድጋፍ የሚያገኙበት አሠራርም አለ።

አስታማሚዎች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። በቤቱ ውስጥ አንድ ጤነኛ ጎልማሳ ካለ ቤተሰቡ «ጉልበት አለው» ሊባል ይችላል። ያ ጎልማሳ ግን ከታማሚው አጠገብ መራቅ የማይችል ከሆነ ጉልበቱ አለ ማለት አይቻልም። ይህ ነጥብ የልየታ ስብሰባ ሲካሄድ በሕዝብ ፊት መነሣት አለበት፤ ጎረቤቶችም ያዩትን ቢመሰክሩ ለመራጮቹ ይረዳል።

የሕክምና ወጪ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ኦሮሚያን ጨምሮ በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ የተስፋፋ ሥርዓት ነው። የመክፈል አቅም የሌላቸው ቤተሰቦች ተለይተው መዋጮአቸው በመንግሥት እንዲሸፈን ይደረጋል። በማስታመም ምክንያት ገቢው የቀነሰ ቤተሰብ ይህንኑ ለቀበሌው ማሳወቅ ይችላል። ምዝገባና እድሳት የሚካሄደው በየዓመቱ በሚወሰን ጊዜ ስለሆነ ቀኑን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ተቀጥረው ለሚሠሩ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ የገጠመው ሠራተኛ እስከ 5 ተከታታይ ቀናት ያለ ክፍያ ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል፤ ይህም በበጀት ዓመቱ ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። ፈቃዱ አጭር ቢሆንም፣ የቤተሰብ አባል በድንገት ሲታመም ሠራተኛው ፈቃድ የሚጠይቅበት ሕጋዊ መሠረት ይሆነዋል።

ጥያቄው ውድቅ ከሆነ

ከሴፍቲኔት ዝርዝር የቀረ ቤተሰብ ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ማመልከት ይችላል፤ ውሳኔው ካላረካው ወደ ወረዳ ይወስደዋል። አቤቱታው በጽሑፍ ሆኖ ቀን ቢሠፍርበትና ቅጂው ከአመልካቹ ጋር ቢቀር ለክትትል ይመቻል። የቤቱ ሁኔታ ሲለወጥ፣ ለምሳሌ ሕመሙ ሲጠና ወይም አስታማሚው ሲታመም፣ እንደገና ማመልከት ተገቢ ነው።

የመንግሥት ድጋፍ እስኪመጣም ሆነ ከመጣ በኋላ የአካባቢው መረዳጃ አስፈላጊነቱ አይቀርም። ዕድር ከቀብርና ከለቅሶ ባሻገር አባሎቹ ተራ ገብተው አስታማሚውን ለግማሽ ቀን እንዲያሳርፉ ማድረግ ይችላል፤ ደቦ የተጎዳውን ቤተሰብ ማሳ ያጭዳል። በኦሮሚያ ተቋማዊ ቅርጽ የያዘው ቡሳ ጎኖፋም መነሻው የተቸገረን ወገን መልሶ ማቋቋም ነው። ለእነዚህም ማኅበራት አስታማሚው የሚያቀርበው ጥያቄ የተለየ ሊሆን አይገባም፤ የትኛው ቀን፣ ስንት ሰዓትና ምን ዓይነት እገዛ እንደሚፈልግ ለይቶ መናገር ይኖርበታል።