የጎዳና ድመት ግልገሎችን ማዳንና ማላመድ (ዱባይ፣ ሻርጃና አጅማን)

በሦስቱ ተጎራባች ኢሚሬቶች ባለቤት የሌላቸው ድመቶች በመኪና ማቆሚያዎችና በቆሻሻ ገንዳዎች አካባቢ ይዋለዳሉ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚያልፍ ጥላና ውሃ ያጣ ግልገል ብዙ አይቆይም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2021 በዱባይ ዴራ ሰፈር ከበረንዳ የወደቀችን እርጉዝ ድመት በጨርቅ ቀልበው ያተረፉ የውጭ አገር ሰዎች ከዱባይ ገዥ ከሼክ መሐመድ ቢን ራሺድ እያንዳንዳቸው 50,000 ድርሃም ተሸልመዋል፤ የሚገባ ክብር ነው።

ከባዱ ሥራ ከማዳን በኋላ የሚመጣው ነው። ግልገል ሰውን የሚለምደው ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ዕድሜው ይበልጥ በቀላሉ ነው፤ ከዚያ በኋላ ረጅም ትዕግሥት ይጠይቃል። የሚፈራው ግልገል ጸጥ ባለ ጠባብ ክፍል መደበቂያ ካርቶን ይሰጠዋል፤ ተጎትቶ ፈጽሞ መውጣት የለበትም። የሚያላምደው ሰው ወለል ላይ ጎኑን ሰጥቶ ይቀመጣል፣ ምግቡንም በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ወደ ራሱ ያስጠጋል። አፍጥጦ ማየት ለድመት ዛቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ ድመቶች ዓይኑን ቀስ ብሎ ጨፈን ወደሚያደርግ እንግዳ ሰው ይበልጥ ይቀርባሉ።

የላም ወተት ግልገሉን ስለሚያስቀምጠው ለግልገል የተዘጋጀ ወተት ይሰጠዋል። ግልገሉ የነከሰው ሰው ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥቦ ወዲያው ሐኪም ዘንድ ይሂድ።