ጎተራ የሚሞላው በደህና ቀን ነው፦ ከእንጦጦው ክፉ ቀን እስከ እኛ ኩሽና



በ2017 የመጀመሪያ ወራት ከፈንታሌ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ ብዙ ሰው በሌሊት ከፎቅ ወርዶ ደጅ ቆሞ ነበር። ያን ሰሞን በየሰፈሩ የተነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ «አሁን ምን ይዘን ነው የምንወጣው?» ጥያቄው ጥሩ ነው። የተነሳበት ሰዓት ግን ረፍዷል። ንዝረቱ ሲቆም ደግሞ ጥያቄውም አብሮ ተረሳ።

አበው «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። ይህ አነጋገር ከባዶ አልመጣም። ይህች አገር ብዙ ክፉ ቀን አይታለች። ዛሬ ከእነዚያ ውስጥ ሦስቱን እናንሳ። ሦስቱም ቤተሰብን የመቱት በተለያየ በኩል ነው፤ የሚያስተምሩን ግን ወደ አንድ ነገር ይሰበሰባል።

▪️ የቀድሞው ቤት ስንቅ

የገጠር ቤተሰብ እህሉን በዓመት አንድ ጊዜ ያስገባል፤ እስከሚቀጥለው መኸር ድረስ ያንኑ እየቆነጠረ ይበላል። ስለዚህ ማስቀመጥ ለእሱ የተለየ ዝግጅት ሳይሆን ኑሮው ራሱ ነበር። በሸዋና በሰሜኑ በጭቃና በእበት የተመረገ ጎተራ አለ። በሐረርጌ ማሽላው በጉድጓድ ይቀበራል። በጉራጌና በሌሎች የእንሰት አገሮች ቆጮው በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ መሬት ውስጥ ይቀመጣል፤ እንሰቱ ራሱም ጓሮ ቆሞ የችግር ቀን የሚጠብቅ ጎተራ ነው።

እናቶቻችን የትኛው እህል ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ለዓመታት ይቀመጣል። በቆሎና ማሽላ ግን ካልተጠነቀቁላቸው በወራት ውስጥ ይነቅዛሉ። ከእህሉ ሌላ እሳት የማይጠይቅ ምግብም ነበራቸው፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ ጭኮ። በሶ ውሃ ካገኘ ይበቃዋል። መንገደኛውም ዘማቹም ይዞት የሚወጣው ለዚህ ነበር።

▪️ በሬው ሲሞት፦ ከ1880 እስከ 1884

ከወሰን ቀና ስንል የምናየው የየካ ጋራ ወደ ምዕራብ ሲያያዝ እንጦጦ ይደርሳል። አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 የንጉሠ ነገሥት ዘውድ የጫኑት እዚያ ተራራ ላይ፣ እንጦጦ ማርያም ነው። ዘውዱ ሲጫን ግን አገሪቱ በረሃብ ተይዛ ነበር። አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው የሚጠሩት ዘመን ይህ ነው።

መነሻው ከብት ነው። ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ከህንድ ያስመጧቸው ከብቶች በእኛ አገር «ደስታ» የሚባለውን በሽታ ይዘው ገቡ። በሽታው ከሰሜን ተነስቶ እስከ ደቡብ ወረደ። ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይነገራል። በዚህ ላይ ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ተደረቡበት። ከሕዝቡ ሲሶው ያህል እንደጠፋ የሚገምቱ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ሰው ሁሉ ጎተራ ካለው ረሃቡ እንዴት ይህን ያህል ከፋ? መልሱ ቀላል ነው። ጎተራው የተሠራው ለአንድ መጥፎ ዓመት ነበር። ክፉ ቀን ግን የተቀመጠውን እህል ከመጨረስ አልፎ እህል የሚያመጣውን በሬ ገደለ። ዝናብ ቢመጣም የሚያርስ ጠፋ፤ ማሳው ጦም አደረ። ከዚያ ለዘር የተቀመጠው ተበላ። ዘሩን የበላ ቤት ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመትም አብሮ በልቷል።

ምኒልክ በዚያ ጊዜ ያደረጉት ሁለት ነገር ይታወሳል። አንደኛው የቤተ መንግሥቱን ጎተራ ለተራበው መክፈታቸው ነው። ሁለተኛው ዶማ ይዘው በገዛ እጃቸው መቆፈራቸው ነው። መሬት በእጅ መቆፈር በአራሹ አገር እንደ ውርደት ይታይ ነበር። ንጉሡ ሲቆፍሩ መኳንንቱ ምን ምክንያት ያቀርባሉ? በሬ ባይኖርም እጅ አለ ማለት ነበር። ስንቅ ጊዜ ይገዛል እንጂ ብቻውን አያድንም። አንዱ መንገድ ሲዘጋ ሁለተኛ መንገድ ያለው ቤት ነው የሚሻገረው።

ያው እንጦጦ በማገዶ በኩልም ተመሳሳይ ነገር አስተምሮናል። ከተማው ሲሰፋ በዙሪያው ያለው ደን ተጨፍጭፎ አለቀ። በ1893 አካባቢ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሥራ እስከመጀመር ተደርሶ ነበር። አዲስ አበባን በቦታዋ ያቆያት ከባህር ማዶ የመጣውና ቶሎ የሚያድገው ባህር ዛፍ ነው። ባህር ዛፍ ቶሎ ያድጋል ሲባልም ዓመታት ይፈልጋል። ማገዶ ያለቀ ዕለት የተተከለ ችግኝ የዚያን ዕለት ድስት አይጥድም።

▪️ እጅ ሲጠፋ፦ ኅዳር 1911

ሁለተኛው ክፉ ቀን እህል ሳያልቅ የመጣ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ በኅዳር 1911 አዲስ አበባን መታት። በከተማዋ አሥር ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። ሐኪሞቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሬሳ በዛ።

በያኔዋ አዲስ አበባ ውሃ የሚመጣው ከወንዝና ከምንጭ በሰው ጀርባ ነው፤ እንጨቱም እንዲሁ። ቀጂውም፣ ፈላጩም፣ አብሳዩም በአንድ ሳምንት ሲተኙ ጓዳው ሙሉ የሆነው ቤትም ተቸገረ። እህል አለ፤ የሚፈጭ የለም። ማድጋ አለ፤ የሚሞላ የለም። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ ሲቃጠል የምናየው ጭስ የዚያ ዘመን ትዝታ ነው።

ይህ ለእኛ ለከተሜዎች ከክፉ ቀንም ይበልጥ ይቀርበናል። ውሃችን በቧንቧ፣ እሳታችን በመብራት፣ ምግባችን ከሱቅ ነው የሚመጣው። የሚያመጣልን እጅ ለሦስት ቀን ቢታጠፍ ብዙዎቻችን ምንም የለንም። የታመመ ሰው ያለበትን በር የሚያንኳኳ ጎረቤት ከሌለ ደግሞ ያለንም አይጠቅመንም።

▪️ ገበያው እያለ፦ ወሎ 1965

ሦስተኛው ከሁሉም ያስገርማል። በ1965 እና በ1966 ወሎ ላይ በደረሰው ረሃብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን አለቁ። ከእናንተ መካከል አያቱ ወይም አባቱ ያን ዘመን ያየ ብዙ ነው። ጠይቋቸው።

የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን ይህን ረሃብ ሲመረምር ያገኘው ነገር ብዙዎችን አስደንቋል። የወሎ ማሳ ደርቋል፤ የኢትዮጵያ ጠቅላላ ምርት ግን ያን ያህል አልወረደም ነበር። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የወጣ እህል ነበር። ታዲያ ሰው ለምን ተራበ? የሚገዛበት ስላልነበረው ነው። ገበሬው ምርት ስላጣ የሚሸጠው የለውም። አርብቶ አደሩ ከብቶቹን ሲሸጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሸጠ ዋጋቸው ወረደ። ሸማኔውና የቤት ሠራተኛው የሚያሠራቸው አጡ።

እህል በገበያ መኖሩና በቤት መኖሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደመወዙ አንድ ወር ሲቋረጥ ሱቁ አጠገቡ እያለ የሚራብ የከተማ ሰው፣ የ1965ቱን የወሎ ሰው ችግር በትንሹ ይቀምሰዋል።

▪️ ማስቀመጥና ማከማቸት አንድ አይደሉም

አንዳንድ ወጣቶች «ለነገ ማስቀመጥ ተወኩልን አይቃረንም ወይ?» ብለው ይጠይቁናል። አይቃረንም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለቤተሰባቸው የዓመት ቀለብ ያስቀምጡ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ከዑመር (ረ.ዐ) ዘግበዋል። የነቢዩ ዩሱፍም (ዐ.ሰ) ታሪክ ሁላችን የምናውቀው ነው፤ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህሉ ከነዛላው ተቀመጠ፣ በሰባቱ የድርቅ ዓመታት ተከፈተ።

የተከለከለው «ኢሕቲካር» ነው፤ ሰው ሲቸገር ዋጋ እንዲወደድ ብሎ እህልን መቆለፍ። ልዩነቱን በደንብ የሚያሳየን የዑድሒያ ሥጋ ጉዳይ ነው። አንድ ዓመት ችግረኞች ወደ መዲና ስለመጡ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሥጋውን ከሦስት ቀን በላይ ማቆየትን ከለከሉ። በቀጣዩ ዓመት ችግሩ ሲያልፍ ግን ብሉም፣ አብሉም፣ አስቀምጡም ተባለ። ሥጋው ያው ሥጋ ነው። የተለወጠው ጊዜው ነው። በደህና ቀን ይቀመጣል፣ በክፉ ቀን ይከፈታል።

ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ በደረሰው የረሃብ ዓመት ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስ ቅቤ አልቀምስም ብለው እንደነበር እናስታውስ። አሽዐሪዮችም ስንቅ ሲያልቅባቸው ያላቸውን ሁሉ በአንድ ጨርቅ ላይ ሰብስበው እኩል ይካፈሉ ነበር፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ለዚህ አመስግነዋቸዋል። ልብ በሉ፤ ለመካፈል እያንዳንዱ ይዞት የሚመጣው ነገር ሊኖረው ይገባል። ባዶ እጅ ለባዶ እጅ ምን ያካፍላል?

እኛ ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ነው የምናደርገው። በመጋቢት 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ሲገለጽ ገበያው እንዴት እንደተሻማ አይተናል። በክፉ ቀን ለማስቀመጥ የሚሮጥ ሰው አቅም የሌለውን ጎረቤቱን ድርሻ ነው የሚገዛው። በደህና ቀን ቀስ በቀስ የሚያስቀምጥ ግን ማንንም አይጎዳም፤ በችግሩ ቀን ወረፋ ላይ አንድ ሰው ይቀንሳል።

▪️ ለእኛ ቤት

ኪራይ ቤት የሚኖር ወጣት ጎተራ አይሠራም። ይህን ግን ይችላል፦

1. ውሃ። አምስት ሰው ለመጠጥ በቀን ሦስት ሦስት ሊትር ቢፈልግ፣ ለሦስት ቀን 45 ሊትር ነው፤ ከሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ትንሽ ያለፈ። ጀሪካኑ ንጹሕና ክዳኑ የሚገጥም ይሁን፤ ውሃውም በየጊዜው ይቀየር።

2. እሳት የማይፈልግ ምግብ። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ። አሮጌውን እየበሉ አዲሱን መተካት ነው። በአንድ ጊዜ መግዛት ለከበደው በየሳምንቱ አንድ ኪሎ ይበቃል። ዱቄት ከጥሬው ቀድሞ እንደሚበላሽ አትርሱ።

3. ሁለተኛ መንገድ። መብራት ሲጠፋ የሚያበስል ነገር፣ የእጅ ባትሪ። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታንድዱ፤ ጋዙ ሳይሸት የተኛን ሰው ይገድላል።

4. ትንሽ ጥሬ ገንዘብና የሰነዶች ኮፒ በአንድ ቦርሳ፤ ማታ ደጅ ስንወጣ የምናነሳው እሱን ነው።

5. ስልክ ቁጥር። 939 የአዲስ አበባ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ፣ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ። ሕፃናቱም ይወቁት።

6. በር። በግራና በቀኛችን ያሉትን ሰዎች ስም እንወቅ፤ ሙስሊምም ይሁኑ ክርስቲያን። ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ካሉ በችግር ቀን ማን እንደሚያንኳኳላቸው ከወዲሁ እንነጋገር። እድር ለቀብር ብቻ መሆን የለበትም።

ዛሬ መብራቱ በርቷል፣ ገበያውም ክፍት ነው። ለመጀመር የተሻለ ቀን አንጠብቅ። በዚህ ሳምንት ከጁሙዓ ስንመለስ አንድ ጀሪካን እንሙላ፣ የአንድ ጎረቤት በር እናንኳኳ።

አላህ አገራችንን ከክፉ ቀን ይጠብቅልን፤ ቢመጣም ተጋርተው ከሚያሳልፉት ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።