ጸሎት በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1962 በኤንግልና ቪታሌ ክርክር የከለከለው ጸሎትን ሳይሆን መንግሥት የሚያዘጋጀውን ጸሎት ነው፤ ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የኒውዮርክ ትምህርት ባለሥልጣናት በእንግሊዝኛ 22 ቃላት ያሉት ጸሎት አርቅቀው ነበር፤ ተማሪዎችም በየማለዳው በክፍላቸው ይደግሙት ነበር። ደጋፊዎቹ ጸሎቱ ለየትኛውም ሃይማኖት አያደላም፣ ያልፈለገ ልጅም ዝም ማለት ወይም መውጣት ይችላል ሲሉ ተከራከሩ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ጓደኞቹ ሲጸልዩ ብቻውን ከክፍል የሚወጣ ሕፃን ምርጫው ምን ያህል ነጻ ነው? እምነትም ቢሆን ይጎዳል፤ ባለሥልጣን የጻፈውን ጸሎት ተከታዩ ባለሥልጣን ሊሽረው ይችላልና። ከፈተና በፊት በልቡ የሚጸልይ ተማሪን ግን ውሳኔው አልነካውም። እ.ኤ.አ. በ2022 ፍርድ ቤቱ ከጨዋታ በኋላ ሜዳ ላይ ተንበርክኮ ለሚጸልይ የትምህርት ቤት አሠልጣኝ ሲፈርድ በግልና በመንግሥት ጸሎት መካከል ያለው ድንበር ደበዘዘ፤ በጨዋታ ማን እንደሚሰለፍ የሚወስነው አሠልጣኙ ስለሆነ ተጫዋቾች አብረውት ለመጸለይ ጫና ሊሰማቸው ይችላልና።