ከአማን ደን እስከ ፒያሳ ኬክ ቤት

የአንድን ከተማ ታሪክ መረዳት የሚሻ ሰው ከሐውልቱ አስቀድሞ ሕዝቡ ከቤቱ ወጥቶ የሚበላበትንና የሚጠጣበትን ሥፍራ ቢመረምር አይሳሳትም። ማን ከማን ጋር ለማዕድ እንደሚቀመጥ፣ ማንስ ከደጅ እንደሚቀር በግልጽ የሚታየው በዚያ ነውና።

በአገራችን ልማድ እህል የሚቀመሰው በቤት ውስጥ፣ በዘመድ አዝማድ መካከል ነበር። በመንገድ ላይ ማኘክ ነውር፣ የበሰለ ምግብ መሸጥም ከክብር ማነስ ይቆጠር ነበር። መንገደኛው «የእግዜር እንግዳ» ተብሎ ይስተናገዳል እንጂ ሒሳብ አይጠየቅም።

ይህን ልማድ የለወጠው ከተሜነት ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ዘመድ የሌለው ነጋዴ፣ ወታደርና ባለጉዳይ ተሰበሰበባት። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ ከፍሎ የሚበላ ሰው በመጥፋቱ፣ ዐፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ሄደው በልተው ሒሳብ በመክፈል አርአያ እንደሆኑ ይተረካል። ለማዕድ ገንዘብ መክፈል የቱን ያህል እንግዳ ነገር እንደነበረ ትረካው ያስረዳል። ቡናም ቢሆን በሰሜኑና በመካከለኛው አገር ክርስቲያን ዘንድ እስከዚያው ዘመን መዳረሻ ድረስ የሌላ እምነት መጠጥ ነው እየተባለ ሲነቀፍ የኖረ ነው።

ኬክ ቤትና የቡና ማሽን በሰፊው የገቡት በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው። ፒያሳ፣ መርካቶና ካዛንቺስ የሚሉት ስሞች የዚያ ዘመን ቅሪቶች ናቸው። ነገር ግን ፋሺስቶች ከተማይቱን በዘር ከፋፈሏት፤ ለነጩ የተለየው ቤት ለጥቁሩ ዝግ ሆነ። በ1931 ዓ.ም. የወጣው ሕግም ለአገሬው ተወላጆች በተለዩ ቤቶች የሚያዘወትር ኢጣሊያዊን በወንጀል ይቀጣ ነበር። እንግዲህ የጣፋጭ ሽታ ወደ መንገድ ቢወጣም ባለ አገሩ ግን ከመስታወቱ ወዲህ ነበር።

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ በሩ ተከፈተ። ከቀሩት ኢጣሊያውያን፣ ከግሪኮችና ከአርመኖች ጎን ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ሙያውን ተማሩ፤ እየዋለ እያደረም የቤቱ ባለቤቶች ሆኑ። ቶሞካ ቡናውን መቁላትና መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ፓስታ ከእንጀራ ጋር በአንድ ትሪ ቀረበ፤ ፓስቲና ቦምቦሊኖ የተማሪና የቀን ሠራተኛ ቁርስ ሆኑ። ሕዝቡ የተቀበለውን እንዳለ አልተወውም፤ ሳምቡሳውን በምስር ሞላው፣ ለዐቢይ ጾም የጾም ኬክ አበጀ፣ ማኪያቶውንም ለፍስክ ቀን አቆየው። የባዕዱ ማዕድ አገርኛ የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ይሁን እንጂ ታሪኩ በፒያሳ አይጀምርም። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በሚገኙት በአማንና በሚዛን ተፈሪ ዙሪያ፣ እንዲሁም በቴፒ፣ ቡና በደን ጥላ ሥር ራሱ በቅሎ ያድጋል። የቤንች፣ የሸኮና የዲዚ ሕዝቦች ከፍሬው ባሻገር ቅጠሉንም ከቅመማ ቅመም ጋር አፍልተው ይጠጣሉ። ለክትፎው ሚጥሚጣ መዓዛ የሚሰጠው ኮረሪማም የዚሁ ምድር በረከት ነው። ሆኖም ከ1890 ዓ.ም. ወዲህ፣ መኳንንቱ በመናገሻይቱ ሆቴል ከፍሎ መብላትን ሲለማመዱ፣ ይህ ሕዝብ በገባር ሥርዓትና በባሪያ ፍንገላ ይማቅቅ ነበር፤ ብዙ መንደሮችም ባዶ ቀሩ። በበበቃና በቴፒ የመንግሥት የቡና እርሻዎች በ1970ዎቹ ሲስፋፉም ከሌላ አካባቢ የመጣ ለቃሚ ጭምር በቅርጫት እየተሰፈረለት ደከመ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከዚሁ አካባቢ የተወሰደው የጌሻ ቡና ዘር ደግሞ በኬንያ፣ በታንዛንያና በኮስታ ሪካ በኩል አልፎ ፓናማ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በዚያ በተካሄደ ውድድር ዓለምን አስደነቀ። ዝናው ግን የተነገረው በፓናማ ስም ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ከነርሱም ጋር የብዙ ሰው የወጣትነት ትዝታ ተነሥቷል። አማንና ሚዛን በበኩላቸው ዛሬ የራሳቸው ካፌና ኬክ ቤት አላቸው፤ የቡና ለቃሚው ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በአባቱ መንደር ቡና የተቀዳውን ማኪያቶ ተቀምጦ ይጠጣል። የሕንፃው ዕድሜ ቢያጥርም ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ማዕዱ የሚከበረው ያመረተው እጅ ከተቀማጮቹ አንዱ ሲሆን ነውና።