ሲኒማን ያጠኑ ሁለት ኢትዮጵያውያን

ለከፍተኛ ጥናት ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ሕክምናን ወይም ምሕንድስናን ሲመርጥ ለአገር አሰበ ይባልለታል። ሥነ ጽሑፍንና ሲኒማን የመረጠ እንደሆነ ግን ጥናቱ እንደ ቅንጦት ይቆጠርበታል። የዚህን ፍርድ ትክክለኛነት ለመመርመር፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲኒማን ያጠኑትን የኃይሌ ገሪማንና የተሾመ ገብርኤልን ሥራ መመልከት ይበቃል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የትምህርት ክፍሉ የሆሊውድ ጎረቤት ነው። ይሁን እንጂ የዋትስ ሰፈር ጥቁር ነዋሪዎች በ1965 ካመፁ በኋላ፣ በተማሪዎች ግፊት፣ ለጥቁሮች፣ ለሜክሲኮና ለእስያ ተወላጆች እንዲሁም ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ልጆች በሩ ከቀድሞው ይልቅ ተከፈተ። ከገቡት መካከል ቻርልስ በርኔትና ጁሊ ዳሽ ይገኙበታል። እነዚህ ወጣቶች የሆሊውድን ፈለግ ከመከተል ይልቅ ከላቲን አሜሪካና ከአፍሪካ የሚመጡትን ፊልሞች እያዩ ይከራከሩ ነበር። ኋላም ትውልዱ «የሎስ አንጀለስ ዓመፅ» የሚል ስያሜ ተሰጥቶታል።

ኃይሌ ገሪማ በ1946 በጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ገሪማ ታፈረ የ«ጎንደሬ በጋሻው» ደራሲና ጸሐፌ ተውኔት ስለነበሩ፣ ሥነ ጽሑፍና መድረክ ለልጃቸው የቤት ውርስ ነበሩ። ኃይሌ በ1967 ቲያትር ለማጥናት ወደ ቺካጎ ሄዱ፤ በ1970 ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛወሩ። በተማሪነታቸው የሠሩት «ቡሽ ማማ» በዋትስ የምትኖር የአንዲት ጥቁር እናት መከራ የሚታይበት ነው። እንግዲህ ስደተኛው ተማሪ ስለ አገሩ ገበሬ ከመናገሩ በፊት በተጠለለበት አገር ያለውን ጭቆና አጥንቷል ማለት ነው።

በ1974 ክረምት አሮጌው አገዛዝ ሲፈርስ፣ አዲሱም ገና ሥር ሳይሰድ፣ ኃይሌ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ቀረጹ። ፊልሙ በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ የተነሣ፣ ንግግሩም በአማርኛ የሆነ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ሥራ ነው። ባላባቱ ከደጁ ተቀምጦ ይሳደባል፤ ጭሰኛው ያርሳል፤ መሬቱን የተነጠቀው አርበኛ እንደ እብድ ተቆጥሮ እውነቱን ይናገራል። የሥራው አዝጋሚ አካሄድ ብዙ ተመልካች ያሰለቸ ይሆናል፤ ነገር ግን ገበሬው ቀኑን የሚለካው በሞፈርና በቀንበር እንጂ በሆሊውድ ሰዓት አይደለም። እውነትን በእብድ አፍ ማናገርም ከሥነ ቃላችን የተገኘ ስልት ነው።

ተሾመ ገብርኤል በበኩላቸው ካሜራ ሳይሆን ብዕር አነሡ። እዚያው ዩኒቨርሲቲ ተምረው እዚያው አስተማሪ ሆኑ፤ በ1982 ስለ ሦስተኛው ዓለም ሲኒማ የጻፉት መጽሐፍ ታተመ። «ሦስተኛ ሲኒማ» የሚለውን አስተሳሰብ በ1969 ያወጁት የአርጀንቲናዎቹ ሶላናስና ጌቲኖ ነበሩ። ተሾመ ደግሞ የፋኖንን ትንተና መሠረት አድርገው፣ የሦስተኛው ዓለም ሲኒማ ባዕድን ከመቅዳት ተነሥቶ፣ የራስን ያለፈ ታሪክ በማስታወስ በኩል አልፎ፣ ወደ ትግል የሚደርስባቸውን ሦስት ደረጃዎች ለይተው አስረዱ። በኋላም ሦስተኛው ሲኒማ የሕዝብ ትዝታ ጠባቂ ነው ሲሉ ጻፉ። በ2010 እስካረፉ ድረስ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ብዙ ተማሪዎች አፍርተዋል።

ከዚህ የምንረዳው፣ ጥናት ቅንጦት የሚሆነው በመስኩ ምክንያት ሳይሆን ተማሪው የሌላውን ጥያቄ ተውሶ ሲመልስ መሆኑን ነው። ሁለቱም ካሜራውንና ቤተ መጻሕፍቱን ከባዕድ ወሰዱ፤ ጥያቄውን ግን ከራሳቸው አመጡ።

ሆኖም ሒሳቡ ገና አልተዘጋም። የገበሬው ፊልም በ2006 የታደሰው በጣሊያን ከተማ በቦሎኛ ነው፤ የተሾመም መጽሐፍ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ኃይሌ በ2008 ባወጡት «ጤዛ» በጀርመን የተማረ አንድ ሐኪም ዕውቀቱን ይዞ ወደ ትውልድ መንደሩ ሲመለስ እናያለን፤ እናቱና መንደሩ ይጠብቁታል፤ እርሱ ግን የሚሰጣቸው ቃል ያጣል። ዛሬ በስደት ሥነ ጽሑፍና ሲኒማ የሚያጠና ሁሉ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲጀምር ይህን ዝምታ ያስብ። የጻፈውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ መልሶ ማቅረብ ከጥናቱ በኋላ የሚደረግ ችሮታ አይደለም፤ የጥናቱ የመጨረሻ ምዕራፍ ነው።