የቀዶ ሐኪሙ ካርታ

በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን በጎረቤት አህጉራችን ክፍል፣ በኡጋንዳ፣ ይሠሩ የነበሩ አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ለካንሰር ምርምር ያበረከቱትን እንቃኛለን። አብራችሁን ቆዩ።

ዶክተር ዴኒስ በርኪት እ.ኤ.አ. በ1911 ዛሬ ሰሜን አየርላንድ በምትባለው ምድር፣ ኤኒስኪለን በተባለች ከተማ ተወለዱ። በ11 ዓመታቸው በደረሰባቸው አደጋ አንድ ዓይናቸውን አጡ። ይህ ግን ቀዶ ሐኪም ከመሆን አላገዳቸውም። በደብሊን ሕክምና ተማሩ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ሆነው ምሥራቅ አፍሪካን አወቁ፤ በ1946 ደግሞ ለሥራ ወደ ኡጋንዳ ሄዱ። ከሁለት ዓመት በኋላም በካምፓላው ሙላጎ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ።

በ1957 የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ሂው ትሮዌል አንድ የ5 ዓመት ልጅ እንዲያዩላቸው ጠሯቸው። የልጁ መንጋጋ ከላይም ከታችም፣ ከግራም ከቀኝም አብጧል። ተራ ቁስል ወይም የጥርስ ሕመም እንዳይባል በአራት ቦታ በአንድ ጊዜ መውጣቱ እንግዳ ነው። ጥቂት ሳምንታት ቆይተው በጂንጃ ሆስፒታል ተመሳሳይ እብጠት ያለበት ሌላ ሕፃን አዩ። ይህኛው በሆዱ ውስጥም እብጠት ነበረበት።

ብዙ ሕሙማን የሚጠብቁት ሐኪም እዚህ ላይ ቢያልፈው ማን ይወቅሰው ነበር? ዶክተር በርኪት ግን አላለፉትም። የሆስፒታሉን የቆዩ መዝገቦች አገላበጡ። የመንጋጋ፣ የኩላሊት፣ የሆድ እየተባለ ለየብቻ ይመዘገብ የነበረው የሕፃናት እብጠት አንድ በሽታ ሆኖ አገኙት። ግኝታቸውንም በ1958 አሳተሙ። ይህ ካንሰር ዛሬ የበርኪት ሊምፎማ ይባላል።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «የት የት ይገኛል?» የሚል ነበር። የሕሙማኑን ፎቶግራፍ የያዘ መጠይቅ በአፍሪካ ላሉ ሆስፒታሎች በፖስታ ላኩ፤ መልሱንም በካርታ ላይ ምልክት አደረጉ። በሽታው የአህጉሩን ወገብ እንደ መቀነት ታጥቆ ታየ። በጥቅምት 1961 ከዶክተር ቴድ ዊልያምስና ከዶክተር ክሊፍ ኔልሰን ጋር በአንድ አሮጌ ፎርድ መኪና ተነሥተው፣ በ10 ሳምንት 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዙ። ከ50 በላይ ሆስፒታሎችን ጠየቁ።

ያገኙት ነገር ለእኛ ለደጋና ለቆላ ልጆች አዲስ አይመስልም። በሽታው ሙቀትና ዝናብ ባለበት ቆላ በዝቶ፣ በብርዳማው ደጋና በደረቁ ምድር ጠፍቶ ተገኘ። ይህ ደግሞ የወባ አገር ካርታ ነው። ወባ በተደጋጋሚ የያዘው ሕፃን የሰውነቱ መከላከያ ስለሚናጋ ለዚህ ካንሰር እንደሚጋለጥ ዛሬ ይታወቃል።

ከዚህ ጉዞ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት 1961፣ ዶክተሩ ለንደን ላይ ንግግር አድርገው ነበር። ካደመጧቸው አንዱ ተመራማሪው አንቶኒ ኤፕስታይን ነበሩ። ከዚያ በኋላ ከሕፃናቱ እብጠት የተወሰደ ናሙና ከካምፓላ ወደ ለንደን በአውሮፕላን ይላክ ጀመር። በ1964 ኤፕስታይን፣ የትሪኒዳዱ ተወላጅ በርት አቾንግና ኢቮን ባር በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዲስ ቫይረስ አገኙ። በሰው ልጅ ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ቫይረሶች መጀመሪያ የታወቀው ይኸው ኤፕስታይን-ባር ቫይረስ ነው።

አድማጮቻችን፣ ቀዶ ሐኪም ለቢላው ያደላል ብለን እናስብ ይሆናል። ነገር ግን ይህ እብጠት በአንድና በሁለት ቀን እጥፍ ሊሆን የሚችል ነው። ቆርጦ ማውጣት የልጁን ፊት ያበላሻል እንጂ አያድነውም። ዶክተር በርኪት ይህን ተቀብለው ቢላውን አስቀመጡ፤ በወቅቱ አዲስ የነበሩትን የካንሰር መድኃኒቶች ሞከሩ። ከሕፃናቱ አንዳንዶቹ በጥቂት መርፌ እብጠታቸው ሟሸሸ፤ ድነው ያደጉም አሉ። በ1967፣ እርሳቸው ኡጋንዳን ከለቀቁ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ የኡጋንዳ የካንሰር ተቋም በሙላጎ ሲመሠረት ዋና ሥራው ይህንኑ በሽታ ማከም ነበር። ዶክተር በርኪት በ1993 አረፉ።

ዛሬ ሙሉ ሕክምና በሚገኝባቸው አገሮች በዚህ ካንሰር ከተያዙ 10 ሕፃናት 9ኙ ያህል ይድናሉ። በአፍሪካ ግን ዘግይተው ሆስፒታል የሚደርሱትና ሕክምናውን ሳይጨርሱ የሚያቋርጡት ብዙ ስለሆኑ የሚድኑት ቁጥር ዝቅ ይላል። በሽታው በሀገራችንም አለ። እንግዲህ እናቶችና አባቶች ሆይ፣ የልጃችሁ መንጋጋ ወይም ሆድ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲያብጥ ካያችሁ «የጥርስ ነው፣ ይተወዋል» ብላችሁ አትጠብቁ። በዚህ በሽታ አንድ ሳምንት ረጅም ጊዜ ነው። ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ሕክምናው ሲጀመርም እብጠቱ ጠፋ ብላችሁ አታቋርጡት።

በሌላ ዝግጅት እስክንገናኝ አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።